ማይክሮቲክ ሄክስ፦ የቤት ሰርቨርን ከቤተሰቡ ኔትወርክ የምትለይ ትንሽ ራውተር

ቤቱ ውስጥ ሰርቨር (ለሌሎች ገጽ የሚያቀርብ ኮምፒውተር) ማስኬድ ለጀመረ ሰው አንድ ዕቃ ምረጥለት ብትሉኝ ሄክስን ነው የምመርጥለት። ለመልመድ ግን ታደክማለች።

ራስበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የባሕረ ሐሳብ ማስያ ገጽ አለኝ፤ ሰርቨሬ እሷ ናት። ዓመተ ምሕረቱን ሲያስገቡለት የነነዌን፣ የዐቢይ ጾምንና የትንሣኤን ቀን ያወጣል። ገጹን ሰው ቢሰብረው እንደገና እሠራዋለሁ። የሚያሳስበኝ በዚያው ኔትወርክ ላይ ያለው የእህቴ የሥራ ላፕቶፕና አባቴ ቴሌብር የሚጠቀምበት ስልክ ነው። ሰርቨሩን ሰብሮ የገባ ሰው ከዚያ ወዴት ያልፋል? ጀማሪ ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ይህን ነው።

ማይክሮቲክ ሪጋ፣ ላትቪያ ያለ ኩባንያ ነው። የእኔዋ ሄክስ (ሞዴሏ RB750Gr3) 5 የጊጋቢት ፖርቶችና (የኬብል መሰኪያዎችና) 256 ሜጋባይት ራም አላት፤ ዋይፋይ የላትም። ከፋብሪካ ስትመጣ ፖርት 1 ለኢንተርኔት ነው፤ ከ2 እስከ 5 ያሉት በአንድ ብሪጅ ታስረዋል፤ ማለትም እንደ አንድ ኔትወርክ ይሠራሉ። እኔ ፖርት 5ን ከብሪጁ አውጥቼ 192.168.50.1 የሚል አድራሻ ሰጠሁት፣ ለሚሰካበት መሣሪያ አድራሻ በራሱ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ ከፈትኩለት፣ ፓይዋን እዚያ ሰካኋት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ገና ነው። የአድራሻ ልዩነት በአንድ ግቢ ሁለት ክፍል እንደመከራየት ነው፣ በሩ አልተቆለፈም። ራውተር ሥራው ኔትወርኮችን ማገናኘት ስለሆነ፣ የፋብሪካው ፋየርዎልም (የሚያልፈውንና የማያልፈውን የሚወስኑት ደንቦች) የሚከለክለው ከኢንተርኔት የሚመጣውን ስለሆነ፣ ፓይዋ ላፕቶፑን እንደልቧ ታገኘዋለች። በፋየርዎሉ ውስጥ ፎርዋርድ በሚለው፣ በራውተሯ በኩል የሚያልፈውን በሚቆጣጠረው ክፍል፣ ከፖርት 5 ወደ ብሪጁ የሚሄደውን ሁሉ ጣል የሚል ደንብ ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። ደንቦቹ የሚነበቡት ከላይ ወደ ታች ነው፤ ይሄኛው የተጀመረ ግንኙነትን ከሚያሳልፈው ደንብ ሥር ይቀመጥ። ያኔ እኔ ከላፕቶፕ ወደ ፓይዋ እገባለሁ፣ መልሷም ይመጣል፤ እሷ ግን ራሷ ጀምራ ወደ ቤተሰቡ መግባት አትችልም። ይህችን ራውተር የወደድኳት እዚህ ላይ ነው፤ ከፓይዋ ወደ ላፕቶፑ ፒንግ (አለህ ወይ የሚል አጭር የሙከራ መልእክት) ስትልኩ ከደንቡ አጠገብ ያለው ቆጣሪ ሲጨምር በዓይናችሁ ታያላችሁ። በእምነት የሚተው ነገር የለም።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ቤተሰቡ በኢንተርኔት አቅራቢው ሞደም ዋይፋይ ላይ ከቀረ፣ ለሄክስ እነሱ ውጭ ናቸው፤ ያ ደንብ አይጠብቃቸውም። ወይ ሌላ የዋይፋይ መሣሪያ ፖርት 2 ላይ ሰክታችሁ ሁሉንም ወደዚያ አዛውሩ፣ ወይ ከፖርት 5 ወደ ቤት ውስጥ ኔትወርክ አድራሻዎች፣ ማለትም ወደ 192.168.0.0/16፣ 10.0.0.0/8 እና 172.16.0.0/12 የሚሄደውን ዝጉ። ፖርት 5 ከብሪጁ ሲወጣ ራውተሯ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት) ጥያቄውንም አትቀበልም፤ በዲኤችሲፒው በኩል 1.1.1.1 የሚለውን የሕዝብ ዲኤንኤስ ስጡት።

ገጹን ለውጭ ሰው ለማሳየት ፖርት 80ን (እዚህ ላይ ፖርት መሰኪያው ሳይሆን ድረ ገጽ የሚገባበት የበር ቁጥር ነው) መክፈት አላስፈለገኝም። የክላውድፍሌር ኩባንያ ተነል፣ ማለትም ገጹን በእነሱ በኩል የሚያሳየው መስመር፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚደውል ወደ ቤት የሚያስገባ በር አይከፈትም። የራውተራችሁ የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ፖርት ብትከፍቱም ከውጭ የሚደርስላችሁ የለም፤ አድራሻውን ከሌሎች ደንበኞች ጋር ትጋራላችሁ።

ድክመቷ ሜኑው ነው። ራውተሯ የምትስተካከልበትን ዊንቦክስ የተባለ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም፤ ለቢሮ መሐንዲስ የተሠራ ነው። ሴፍ ሞድ የምትለውን ቁልፍ ሳትጫኑ ፋየርዎል አትንኩ፤ ራሳችሁን ዘግታችሁ ብታስወጡ፣ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ለውጡን ራሷ ትመልሰዋለች። በ2018 እ.ኤ.አ. ዊንቦክስ ላይ የይለፍ ቃል የሚያስነብብ ክፍተት ተገኝቶ ነበር፤ ማስተካከያው ቢወጣም ያላደሱ ብዙዎች ተጠቅተዋል። ስለዚህ ከሳጥኑ ስታወጧት መጀመሪያ ራውተርኦኤስ የተባለውን ሲስተሟን አድሱ፣ ያልተመሰጠሩትን የመግቢያ መንገዶች ቴልኔትንና ኤፍቲፒን አጥፉ።

መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ትመቻለች። ይህች ሞዴል ከ8 እስከ 30 ቮልት ስለምትቀበል ኢንቨርተር ሳያስፈልጋት በ12 ቮልት ባትሪ ትሠራለች።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጣታለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ለሜኑው ነው። ሁለተኛ መሣሪያ መግዛት የማይፈልግ ሰው የዚያኑ ኩባንያ ሃፕ ይመልከት፤ ዋይፋይ አለው፣ ሲስተሙም ይኸው ራውተርኦኤስ ስለሆነ ከላይ ያልኩት ደንብ እዚያም ይሠራል።