ደሴ፣ ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉት አዛውንት ማመልከቻ ጸሐፊ

የውርስ መሬት ጉዳይ ያለባችሁ የደሴ ዙሪያ ሰዎች፣ እኚህን አባት ፈልጓቸው። ስማቸውን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ላስቲክ ወጥረው የሚሠሩ ናቸው።

ከእሳቸው በፊት ሌላ ጋ አጽፈን ነበር። ስም ብቻ ተቀይሮበት የተሰጠን ወረቀት ስለነበር ወዲያው ተመለሰብን። እኚህ ሰው ግን ሳይጠይቁ አይጽፉም። መሬቱን በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጊዜ ማን ያርሰው ነበር? በ77 ሰፈራ የሄደ አለ? የመሬት ይዞታ ደብተሩ በማን ስም ወጣ? አዋሳኞቹ እነማን ናቸው?

እውነቱን ለመናገር እኛ ልጆቹ የቤተሰባችንን ታሪክ በደንብ የሰማነው እዚያ ቆመን ነው። አያታችን የባላባት መሬት ላይ ጭሰኛ እንደነበር፣ ከአዋጁ በኋላ በገበሬ ማኅበር በኩል የራሱ ድርሻ እንደደረሰው፣ በ77 ድርቅ አጎታችን ወደ ኢሉባቦር ሲሰፍር ማሳውን አክስታችን ከባሏ ጋር እያረሰች እንዳቆየችው፣ አጎታችንም ደርግ ሲወድቅ መመለሱን፣ ሁሉንም ታላቅ አጎታችን ሲመልስላቸው ሰማን። ጸሐፊው በእርሳስ የዘር ሐረጉን እየሳሉ ቆዩና «ሴት ልጆቹስ የት አሉ?» አሉ። አክስታችን ስላገባች ከዝርዝሩ ቀርታ ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች በመሬትም በውርስም እኩል መብት እንዳላቸው ነግረው አስገቧት። ለዚህ ብቻ እንኳ አመሰግናቸዋለሁ፤ ያን ማሳ ያቆየችው እሷ ናት።

ሌላም ነገር አስተካከሉልን። አጎቶቼ «የአባታችን ርስት ይሰጠን» ብለው ሊያጽፉ ነበር። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚወረሰው የይዞታ መብቱ ነው ብለው ቀስ አድርገው አስረዷቸው፣ እንደዚያም ጻፉት። ማመልከቻው ተቀባይነት አገኘ።

ጉድለትም አለ። መቀመጫ የለም፣ ሽማግሌ ይዞ ለሄደ ፀሐዩ ከባድ ነው። ዋጋቸው ከጎረቤቶቻቸው ትንሽ ይወደዳል። በእጅ የጻፉትን ኮምፒውተር ቤት ስታስተይቡ ለብቻ ትከፍላላችሁ፣ እዚያ ደግሞ ስም ይሳሳታል። የአባትና የአያት ስም ደብተሩ ላይ ካለው ጋር በፊደል አንድ መሆኑን ሳታዩ እንዳትፈርሙ።

ስትሄዱ የደብተሩን ኮፒና የሁሉንም ወራሾች መታወቂያ ያዙ። ታሪኩን የሚያውቅ ትልቅ ሰውም አብሯችሁ ይሂድ፣ የሚጠይቁት ብዙ ነው።