ከአውራ ጣት ኦፕራሲዮን በኋላ በ«ታንኳው» ጫማ 8 ወር

የጫማውን ብራንድ ሆን ብዬ ነው የማልጠራው። ማንም አልከፈለኝም፣ ደግሞ እንደዚህ አይነት ጫማ አሁን ያልሰራ ድርጅት የለም፣ ስለዚህ ወሬው ስለ ቅርጹ ነው። ሶሉ ወፍራም ነው፣ ተረከዙ ጋ በማስመሪያ ለክቼው 4 ሴንቲ አካባቢ ይሞላል፣ ከፊትም ከኋላም ወደ ላይ ቀና ያለ ነው፣ በእጅ ላጥፍህ ብትሉት እምቢ ይላል። ሮከር ይሉታል። እማዬ በር ላይ አይታው «ልጄ፣ ይሄ ጫማ ነው ታንኳ?» ካለች ወዲህ ግን እኛ ቤት ስሙ ታንኳው ነው።

ለምን ገዛሁት? የቀኝ እግሬ አውራ ጣት መገጣጠሚያ ላይ ከላይ በኩል ትርፍ አጥንት በቅሎ ነበር። ሁለት አመት ሙሉ ጫማ ጠቦኝ ነው እያልኩ ቁጥር ስጨምር ከረምኩ። ለካ ስንሮጥ እግራችን መሬት ሲለቅ አውራ ጣት ወደ ላይ በደንብ መታጠፍ አለበት፣ 60 ዲግሪ ምናምን፣ የኔን ግን አጥንቷ ሽብልቅ እንደገባበት በር ይዛዋለች፣ እኔም ሳላውቀው በእግሬ የውጭ ጠርዝ መግፋት ለምጄ ትንሿ ጣት ስር መታመም ጀመረኝ ከዛ ደሞ ጉልበቴን። ዶክተሩ ራጁን እያሳዩኝ «መገጣጠሚያው ገና ብዙ አልተበላም፣ ከላይ ያለውን ጠርበን እናወጣዋለን» አሉኝ። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ እግሬን ብቻ አደንዝዘው ጠረቡት። አያምም ግን ድምጹ ይሰማል፣ አናጢ ቤት የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። በዛው ቀን ቤቴ ገባሁ፣ በ2 ሳምንት ክሩ ወጣ።

ጫማውን ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ናት ሰው ሲመጣ የላከችልኝ፣ 150 ዶላር። እዚህ ጋ የሰራሁትን ስህተት እናንተ አትስሩ። ቁጥሬን የነገርኳት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ነው። እግር ግን ከተነካ በኋላ ለወራት ያብጣል፣ በተለይ ማታ ማታ፣ ጠዋት ልክክ ያለው ጫማ ከስራ ስትመለሱ አልወጣም ይላል። ውጭ ቢሆን መልሶ መቀየር ነው፣ እዚህ በሰው ሻንጣ የመጣን ጫማ ወዴት ትመልሱታላችሁ? ግማሽ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ እዘዙ።

ሁለተኛው ችግር ደሞ ከላይ ያለው ስፌት ነው። ከአውራ ጣት በላይ ሁለት ጨርቅ የተገናኘበት ቦታ አለ፣ ከውስጥ በጣት ሲዳበስ ትንሽ ሸንተረር ነገር፣ ጤነኛ እግር አያውቀውም። እኔ ጠባሳዬ ልክ እሷ ስር ነው ያረፈው። ሶስት ቀን አድርጌው ቆዳው ቀላ። ካልሲ ደረብኩ፣ አጠበበው እንጂ አልረዳም። በመጨረሻ ሰፈር ያለው ጫማ ሰፊ ጋ ወሰድኩት፣ ሰውዬው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ጣቱን ከቶ ዳበሰና «በአዲስ ጫማ እንዲህ አድርግ ያለኝ የለም» እያለ ስፌቷን በምላጭ ፈቶ ከውስጥ ስስ ቆዳ ለጠፈባት። እኔም የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ዘልዬ ነው ክር የማስገባው፣ ጠባሳው ላይ ጫና እንዳይኖር። ከዛ በኋላ አንድም ቀን ነክቶኝ አያውቅም።

አሁን ጥሩውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ይሄ ጫማ ባይኖር ምን እሆን ነበር እላለሁ። ተረከዝህ ሲያርፍ ጫማው ራሱ ወደ ፊት ያንከባልልሃል፣ አውራ ጣት ሳይታጠፍ ርምጃው ያልቃል። የታክሲ ሰልፍ ላይ 40 ደቂቃ ቆሜ ህመም የለም። ሚያዝያ ላይ ጃንሜዳ አንድ ደቂቃ ሮጥ ሁለት ደቂቃ ራመድ ብዬ ስጀምር አብሮኝ የሚሮጥ ጓደኛዬ «አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ ሮጠ፣ አንተ ትራስ አስረህ ትመጣለህ?» ብሎ አላገጠብኝ። እኔም ቶኪዮ ላይ እኮ በጫማ ነው የሮጠው አልኩት፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ገና 5 ሳምንት ገደማው ነበር፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገባ። ዝም አለ። (ስለ ውፍረቱ ለምትጠይቁኝ፣ የጎዳና ውድድር ላይ የሚፈቀደው እስከ 4 ሴንቲ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ቪየና ማራቶን ላይ የኛው ደራራ ሁሪሳ አንደኛ ወጥቶ ሶሉ 5 ሴንቲ ነው ተብሎ ተሰርዟል። እኔን የሚለካኝ የለም።)

ግን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፣ ማንም አልነገረኝም ነበር። ሰኔ ላይ እንጦጦ ጭቃ ውስጥ ገብቼ መጥቼ ጫማውን ለሊስትሮ ሰጠሁት። ልጁ አንዱን አጥቦ ገልብጦ አየው፣ ሌላውን ገልብጦ አየው፣ ጎን ለጎን አስቀመጣቸውና «ጋሼ፣ በዚህኛው በጠርዙ ብቻ ነው እንዴ የሚሄዱት?» አለኝ። ሳየው እውነቱን ነው። የግራው እኩል ተበልቷል፣ የቀኙ የውጭ ጠርዙ ልጥ ብሎ አውራ ጣት ስር ያለው ጎማ ግን አዲስ ነው፣ ፋብሪካ የወጣባት ትንንሽ መስመር እንኳን አልጠፋችም። ድኛለሁ ብዬ ስሮጥ የነበርኩት ሰውዬ እንደ ድሮው በጎኔ ነበር የምሄደው ማለት ነው።

ፊዚዮዋ ጋ ሄድኩ፣ እግሬን በእንቅስቃሴ የምታክመኝ ባለሙያ ናት። መጀመሪያ ላይ ጣቱን በእጅህ በቀን ሶስቴ እጠፈው ብላኝ ነበር፣ ጠባሳው ከውስጥ እንዳይዘው። እኔ ደሞ ጫማው ህመሙን ሲያጠፋልኝ ተውኩት። ስትለካው መጋቢት ላይ 45 ዲግሪ የነበረው ወደ 35 ወርዷል። «ጫማው ያሳርፈዋል እንጂ አያሰራውም» አለችኝ፣ ትንሽ ተቆጥታ። ከዛ በኋላ ማታ ማታ ዜና እያየሁ ጣቴን ሳጥፍ ነው የማመሸው፣ መጀመሪያ ያስለቅሳል፣ ቤት ውስጥም ታንኳው ተከልክሏል። ሳር ላይ በሳምንት ሁለት ቀን 3 ኪሎ በተራ ስስ ጫማ እሮጣለሁ፣ ረጅሙን ብቻ በታንኳው። ባለፈው ሳምንት 55 ደርሷል።

ክረምት ላይ ስለ መልበስ ባጭሩ፣ አትልበሱት። ኮብልስቶን ሲርስ ወፍራም ለስላሳ ሶል ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል፣ እኔ ሐምሌ ላይ ሰፈራችን ቁልቁለት ላይ ለትንሽ ነው የተረፍኩት። ስፖንጁ ውሃ ከጠጣ ሁለት ቀን አይደርቅም፣ ከሰል አጠገብ አታድርጉት እሺ፣ ይሸበሸባል። ጉልበት የሚያማችሁም አስቡበት፣ ጣቱ የተወውን ስራ ሌላ ቦታ መስራቱ አይቀርም፣ እኔን የመጀመሪያዎቹን ሶስት ሳምንታት ጉልበቴን አሞኛል። ኦፕራሲዮናችሁ ጥፍር ብቻ ከሆነ ደሞ ይሄን ሁሉ ብር አታውጡ፣ ፊቱ ክፍት ሰንደል ይበቃችኋል።

አሁን ስልኬ ላይ 640 ኪሎሜትር ይላል። ከላይ ምንም አልሆነም፣ ያ ጫማ ሰፊው የለጠፋት ቆዳ ራሷ እንዳለች ናት። ስፖንጁ ግን ጎኑ ላይ መስመር መስመር አውጥቷል፣ ከ12 ኪሎ በላይ ስሄድ ድሮ የነበረው ማንከባለል ቀርቶ ድብ ድብ ይላል።

እንደገና ትገዛለህ ወይ ላላችሁኝ፣ ታዟል፣ ግማሽ ቁጥር ከፍ ብሎ፣ እህቴም ሱቅ ውስጥ ጣቷን ከታ ስፌቱን ዳብሳ ነው የገዛችው። የሚያመጣው ሰውዬ ህዳር መጀመሪያ ላይ ይገባል ተብሏል። የታላቁ ሩጫ ቲሸርት ገዝቻለሁ፣ ለ10 ኪሎ ግን በአዲስ ጫማ አልወጣም፣ ሊስትሮው አሮጌውን አጥቦልኝ እንዲደርቅ በረንዳ ላይ ተሰጥቷል።