ከደሴ የሚነሣ የአንድ ቀን የተማሪዎች ጉብኝት፦ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻና ሙዚየሙ በሚዛን

ደሴ ውስጥ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጉብኝት «በአንድ ቀን ሦስት ቦታ» የሚባለው ነው። ጠዋት የደሴ ሙዚየምና አይጠየፍ አዳራሽ፣ እኩለ ቀን ላይ ሐይቅ (የከተማውም የውሃውም ስም ነው)፣ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ። በተከፈለው ብር ብዙ ቦታ የታየ ስለሚመስል ወላጅም ይወደዋል። ለልጆቹ ግን ከሁሉም ደካማው ምርጫ ይህ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ደሴ መሃል ላይ ናት፤ ሐይቅ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሁለቱን አዳርሶ ለመመለስ 110 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያውም ጠመዝማዛ መንገድ መንዳት ግድ ነው። 48 ልጆች በአንድ ቦታ ወርደው፣ ተቆጥረውና መልሰው እስኪሳፈሩ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። መጸዳጃ ቤት ደግሞ አለ። አንድ ልጅ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢወስድ፣ አንድ ክፍል ብቻ ባለው መጸዳጃ ቤት 48 ልጅ ለማዳረስ 72 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ሁለት ክፍል ካለ 36። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለትምህርቱ የሚተርፈው በየቦታው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ልጆቹም ደክመው፣ ያዩትን ከየት እንዳዩት ሳይለዩ ይመለሳሉ።

ስለዚህ ለአንድ ቀን አንድ ቦታ ይበቃል። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉት ሐይቅን የሚያህል የለም። ኮምቦልቻ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ይመቻል። 1ኛና 2ኛ ክፍሎች ከከተማ ሳይወጡ ግማሽ ቀን ቢበቃቸው ይሻላል።

የሐይቅ ትልቁ ጥቅም አንድ ጥያቄ ይዞ መሄድ መቻሉ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል? ይህ ጥያቄ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት በአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ቢነሣና መልሱ ሳይነገር ቢቀር፣ ልጆቹ ዳርቻው ላይ ሲደርሱ መውጫውን በዓይናቸው መፈለግ ይጀምራሉ። የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ እንደሚደርስ ሲነገራቸው ደግሞ ጥያቄው ይብስባቸዋል።

መልሱን በትሪ ማሳየት ይቻላል። ወደ ጎን 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዝርግ የብረት ትሪ ውሰዱ፤ እንደደረሳችሁ ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ አስተካክላችሁ አስቀምጡትና በትክክል 1 ሊትር ውሃ አፍሱበት። ልትመለሱ ስትሉ የቀረውን በማንቆርቆሪያ ወደ ሃይላንድ ገልብጣችሁ ለኩ። ከአራት ሰዓት ጠራራ ፀሐይ በኋላ ሩብ ሊትር ገደማ ሊጎድል ይችላል። አንድ ልጅ ከትሪው ላይ የጠፋውን ውሃ በዓይኑ ካየ፣ ሰፊው ሐይቅ በቀን ምን ያህል ውሃ በትነት ለአየር እንደሚሰጥ ራሱ ያሰላዋል። የተቀረው ውሃ ወደ መሬት እንደሚሰርግ የዚያን ጊዜ መንገር ይቻላል። ሙከራውን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ትሪው ዘንበል ብሎ ከተቀመጠ ውሃው ይፈሳል፤ ጠባቂ ከሌለው ፍየል ይጠጣዋል። ሁለት ሁለት ልጆች በየግማሽ ሰዓቱ ተራ ይጠብቁ።

ሌላው ሥራ የውሃ ንጽጽር ነው። ሦስት ንጹህ ሃይላንድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከትምህርት ቤት የመጣ የቧንቧ ውሃ፣ ሁለተኛው ከሐይቁ ዳር፣ ሦስተኛው ወደ ሐይቁ ከሚገባ ጅረት የተቀዳ። የሚቀዳው መምህሩ ነው፤ 3 ሜትር ገመድ በታሰረበት ባልዲ። ጠርሙሶቹ ሳይነኩ ግማሽ ሰዓት ይቆዩና ከታች የዘቀጠው አፈር በማስመሪያ ይለካ። ዝናብ በዘነበ ማግስት የጅረቱ ጠርሙስ ከታች ወፍራም ደለል ይይዛል። ስለ አፈር መሸርሸር ከመጽሐፍ የተነበበው ሁሉ ያን ጊዜ ትርጉም ያገኛል።

ውሃው ውስጥ መግባት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ እግር መንከርም ቢሆን። ዳርቻው ጥልቀቱን በድንገት የሚለውጥባቸው ቦታዎች አሉ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ትንንሽ ቀንድ አውጣዎችም የሚኖሩት ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። ከውሃው ጠርዝ 3 ሜትር ርቆ ረጅም ገመድ መሬት ላይ ይዘርጋ፤ ልጆቹ ገመዱን እንዳያልፉ ከመሳፈራቸው በፊት ይነገራቸው። ታንኳ የሚጋብዙ ሰዎች ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ መልሱ «አይሆንም» ነው፤ የአዋቂ ጃኬት ለልጅ አይሆንም፣ ውሃ ውስጥ በአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። ዓሣ አጥማጆች ካሉ መረባቸውን ቢያሳዩ ጥሩ ነው፤ የመረቡ ዓይን ስፋት ለምን ትንንሾቹን ዓሦች ማሳለፍ እንዳለበት ከእነሱ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። ምሳ ላይ ግን ዓሣ አይመከርም፤ የቆሮሶ አጥንት ለትንሽ ልጅ ጉሮሮ አደገኛ ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን በተመለከተ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ወንዶቹን አስገብቶ ሴቶቹን ውጭ ማቆየት ክፍሉን ለሁለት ይከፍላል፤ ሴቶቹ ልጆችም ያዝናሉ። ሁሉም አብረው ከዳር ሆነው እያዩ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ እዚያ ስላቆሙት ትምህርት ቤትና እሳቸው ስላስተማሯቸው ስለ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ቢነገራቸው ይበቃል። ታሪኩ የአገር የትምህርት ታሪክ ነውና ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ልጅ እኩል ይሆናል።

ኮምቦልቻ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ፋብሪካ ነው። ነገር ግን ከፋብሪካው በፊት መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ 650 ሜትር ዝቅ ትላላችሁ። ደሴ ላይ ባዶና ደረቅ ሃይላንድ፣ ስስ የሆነውን የግማሽ ሊትር ዓይነት፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጎኑ ተጨምድዶ ታገኙታላችሁ። የታችኛው አየር ግፊት ከላይኛው በ8 በመቶ ገደማ ስለሚበልጥ ጠርሙሱን ከውጭ ይጫነዋል። ልጆቹ ጆሯቸው ለምን እንደተደፈነም በዚያው ይገባቸዋል። ክዳኑ ሲከፈት አየር ሲገባ ትንሽ ድምፅ ይሰማል፤ ሁሉም ዝም ብለው ጆሯቸውን ያስጠጉ። ሳይሳካ የሚቀረው ጠርሙሱ በመስኮት በኩል ፀሐይ ሲመታው ነው፤ የጋለ አየር ስለሚሰፋ ጭምደዳውን ያጠፋዋል። ወፍራም የለስላሳ ጠርሙስም አይሆንም። ስትመለሱ ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ጠርሙስ ዝጉ፤ ደሴ ሲደርስ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ይወጠራል።

ቴርሞሜትር ካለ ሁለቱም ከተማ ጥላ ሥር ለኩ። በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚለወጥ ልዩነቱ 4 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ግን ደሴን ጠዋት በ2 ሰዓት፣ ኮምቦልቻን በ6 ሰዓት ከለካችሁ የሰዓቱ ሙቀት ስለሚደባለቅ ቁጥሩ አያስተማምንም። ደሴ የቀረ አንድ መምህር በዚያው ሰዓት ለክቶ በስልክ ቢነግር ይስተካከላል።

ወደ ፋብሪካው ስንመጣ፣ ጨርቃ ጨርቅ ለልጆች ከሁሉም ይመረጣል፤ ጥጥ ሲገባ፣ ጨርቅ ሲወጣ ይታያልና። የቆዳ ፋብሪካና የብረት ሥራ ለዚህ ዕድሜ አይሆኑም፤ በኬሚካሉና በእሳቱ ምክንያት። ጉብኝቱን የሚያድነው ከመሄዱ በፊት የሚደረግ የክፍል ሥራ ነው። ትንሽ ባዘቶና እንዝርት አምጡና እያንዳንዱ ልጅ አንድ ክንድ ፈትል ይሞክር። ክሩ እየተበጠሰ ያስቸገረው ልጅ፣ ማሽኑ በአንድ ጊዜ ስንት ክር እንደሚያጠነጥን ሲያይ ዓይኑን አይነቅልም። ድርና ማግን በወረቀት ቁራጭ አስቀድሞ የጠለፈም የሽመና ማሽኑ ፊት ቆሞ ምን እንደሚያይ ያውቃል። ያለዚህ ዝግጅት ከፋብሪካ የሚቀረው ጩኸት ብቻ ነው።

ጩኸቱ ደግሞ ከባድ ነው። የሽመና ክፍል ውስጥ አስረጂው የሚናገረው አይሰማም፤ ማብራሪያው ሁሉ በር ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ያልቅና ውስጥ የሚገባው ለማየት ብቻ ይሁን፣ ከ10 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ በ12 በ12 ልጅ። ነጠላ፣ ሻርፕና የተንጠለጠለ ክር ያለው ሹራብ በማሽን ሊያዝ ስለሚችል መኪና ላይ ይቅር፤ ሒጃብ ጫፉ ወደ ሸሚዙ ውስጥ ይግባ፤ ረጅም ጸጉር ይታሰር። የጥጥ ብናኝ አስም ያለበትን ልጅ ስለሚቀሰቅስ እሱ ውጭ የሚሠራው ሥራ ይዘጋጅለት። ደብዳቤው ማህተም ያለበት፣ የተማሪዎቹን ብዛት፣ ክፍልና ቀን የሚገልጽ ሆኖ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይግባ፤ ከጉዞው በፊት ባለው ቀን በስልክ ይረጋገጥ። ቦርከና ወንዝ ዳር ለመቆም የሚያስቡ ካሉ፣ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚገባበት ከድልድይ ላይ ከማየት ያለፈ አይመከርም።

የደሴ ሙዚየምና አይጠየፍ ለትንንሾቹ ጥሩ ግማሽ ቀን ናቸው። ሙዚየሙ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል፤ ስለዚህ የትኛው ክፍል እንደሚታይ አንድ መምህር ቀድሞ ሄዶ ይይ። ስለ ዝርፊያው ሲነገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በዚያን ጊዜ ከቤታቸው የተሰደዱ ወይም ዘመድ ያጡ ልጆች ክፍሉ ውስጥ ይኖራሉ። አይጠየፍ የልጅ ኢያሱ አባት የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው። «እዚህ ስንት ሰው ይቀመጣል?» ብሎ ርዝመቱንና ስፋቱን በእርምጃ ማስለካት ለ2ኛ ክፍል ልጅ ከማንኛውም ንግግር ይሻላል።

መኪና ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በቁጥር ነው። ባለ 30 መቀመጫ ኮስትር 40 ልጅ «ትንንሾች ናቸው» እየተባለ ይጫንበታል፣ ሦስት ልጅ በሁለት ወንበር። ለ48 ልጅና ለ6 አዋቂ ሁለት ኮስትር ወይም አንድ ትልቅ አውቶቡስ ያስፈልጋል፤ መተላለፊያው ላይ በርጩማ አይገባም፣ ጋቢና ላይ ልጅ አይቀመጥም። ከመዋዋላችሁ በፊት የዓመቱን ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና የጎማውን ጥርስ እዩ። ሐረጎን ሲወርድ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ እየያዘ መውረድ አለበት፤ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ይግልና መያዝ ያቆማል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው። የሚያስመልሳቸው ልጆች ከፊት፣ ከመስኮት አጠገብ ይቀመጡ፤ ጠዋት ወተትና ቅባት ሳይሆን ደረቅ ዳቦ ይብሉ። ለእያንዳንዱ ሁለት ፌስታል፣ ለማሽተቻም ሎሚ ያዙ።

ቆጠራ በጭንቅላት አይሆንም፤ ልጅ ስለሚንቀሳቀስ ሁለቴ ይቆጠራል። 8 ልጅ ያለው 6 ቡድን፣ ለየቡድኑ አንድ አዋቂ፣ ክንድ ላይ የሚታሰር አንድ ቀለም ጨርቅ፣ ለየልጁ ቁጥር። በተሳፈሩና በወረዱ ቁጥር፣ ከምሳ በኋላም እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይጥራ።

ምሳ ወሎ ውስጥ ሁሉም አብሮ የሚበላው መሆን አለበት። ሥጋ አይያዝ፤ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ ጁምዓ ሶላት አለ፤ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይመረጣል። ረመዳን ላይና ዐቢይ ጾም ላይ ጉዞ አይያዝ፤ የሚጾም ልጅ ፀሐይ ላይ ይደክማል። ቅቅል ድንች፣ ዳቦ፣ ሙዝና ብርቱካን ማንንም አያስቸግርም። ለእያንዳንዱ ልጅ 1 ሊትር የሚጠጣ ውሃ፣ ለእጅ መታጠቢያ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሳሙና ይበቃል።

ወሩን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ይሻላል፤ ጠዋት ውርጭ ስላለ ሹራብ ይያዝ። የካቲት ከገባ በኋላ የበልግ ዝናብ በድንገት ይመጣል፣ ሐረጎም ጉም ይሸፍነዋል። በማንኛውም ወር የመንገዱ ጸጥታ በዋዜማው ከወረዳው ተጠይቆ ይረጋገጥ።

ክፍያውን ስታሰሉ ወጪውን ለ48 አታካፍሉ። መክፈል የማይችሉ 5 ልጆች እንዳሉ ቆጥራችሁ ለ43 አካፍሉና ስማቸው ሳይነሣ አብረው ይሂዱ። ለመኪናው ግማሹን ቅድሚያ፣ ግማሹን የመጨረሻው ልጅ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ወርዶ ሲቆጠር ክፈሉ፤ ይህም ውሉ ላይ ይጻፍ።