ያረጀ ባርኔጣ ለማሳደስ ጅማ ውስጥ የት ይኬዳል ለምትሉ

ሥራዬ የመሬት ቅየሳ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሜዳ ላይ ስለምውል ፀሐዩም ዝናቡም የሚያገኘኝ እዚያው ነው። ባርኔጣ ለእኔ የእሑድ ልብስ አይደለም። ዘጠኝ አሉኝ፤ ዘጠኙም ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ራስ ላይ የኖሩ ናቸው፤ ዘጠኙንም በየተራ አደርጋቸዋለሁ። ከእነዚህ ውስጥ አራቱ ዛሬ ሰው ፊት ለመቅረብ የበቁት ከሄርማታ ገበያ ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በሚሠሩ ሽማግሌ እጅ ነው። ስለዚህች ክፍል እስካሁን የጻፈ ሰው አላየሁም። ሦስት ዓመት ደንበኛ ሆኜ ያየሁትን፣ ያስደሰተኝንም የከፋኝንም፣ እነሆ።

ክፍሏ የማስታወቂያ ሰሌዳ የላትም። ከውጭ ለሚያያት የልብስ ሰፊ ቤት ናት፤ በሩ አጠገብ ጥቁር ሲንጀር መኪና፣ ግድግዳው ላይ ለማሳጠር የመጡ ሱሪዎች፣ ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ። የሚለያት ከመኪናው በላይ ያለው መደርደሪያ ነው። አራት የእንጨት ራሶች ተደርድረውበታል፤ ሽማግሌው ፎርማ ይሏቸዋል፣ ጫማ ሰፊዎች የጫማውን ቅርጽ እንደሚሉት ማለት ነው። ከዋንዛ የተጠረቡ ናቸው። የጠረባቸውም የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚሠራ ጠራቢ ነው። ዋንዛ ቀላል ነው፣ መርፌም በቀላሉ ይገባበታል፤ ባርኔጣ በፎርማ ላይ ሲወጠር ደግሞ መርፌ መሰካት ግድ ነው። ከተማችን በእንጨት ሥራ መታወቋ ለባርኔጣ ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ሙያውን ከየት አገኙት ጋሼ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። በልጅነታቸው ፈረንጅ አራዳ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ የቀረ አንድ ጣሊያን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሲላላኩ ማየታቸውን ነገሩኝ። «ያስተማረኝ የለም ልጄ፤ ውሃ ሳፈላለት ዓይኔን አልነቀልኩም» ነው ያሉኝ። ዛሬ የልጅ ልጃቸው በተራው ውሃ ያፈላል። እሱም ዓይኑን የሚነቅል ልጅ አይደለም።

ወደ እሳቸው ከመሄዴ በፊት የሆነውን መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው ባርኔጣውን የሚያጣው በዚሁ መንገድ ነውና። ከሐሙስ ገበያ፣ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ፣ የመጀመሪያዬን ጥሩ ባርኔጣ በ300 ብር ገዛሁ። ቡናማ ነበር፣ ውስጡ «አሌሳንድሪያ» የሚል የወርቅ ቀለም ጽሑፍ ገና ይነበባል። ሻጯ ሴትዮ «ወንድሜ፣ ይህ የአባቶች ነው፣ ዛሬ አይገኝም» አለችኝ፤ ልክ ነበረች። አቧራው ስለበዛበት ወደ አንድ ልብስ አጣቢ ቤት ወሰድኩት። ከሦስት ቀን በኋላ የተመለሰልኝ ነገር ባርኔጣ አልነበረም። ልክ እንደ ሸሚዝ በማሽን አጥበው፣ በሙቅ አየር አድርቀው፣ አጣጥፈው በፌስታል ሰጡኝ። የውስጡ ቆዳ እንደ ተጠበሰ ቋንጣ ተኮማትሮ ሙሉውን ባርኔጣ ወደ ውስጥ ጎትቶታል። ለአምስት ዓመት ሕፃን እንኳ አይሆንም ነበር። እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

ያንን የተኮማተረ ባርኔጣ ይዤ ነው መጀመሪያ ሽማግሌው ዘንድ የሄድኩት። ገልብጠው አዩት፣ ቆዳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ መለሱልኝ። «ይህ አይድንም። ገንዘብህን አልበላም» አሉ። የወደድኳቸው በዚህች ቃል ነው። በዚህ ከተማ «ይስተካከላል፣ ነገ ና» የማይል ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በዚያው ቀን አንድ ነገር አስተማሩኝ። እኛ በጅምላ «የሱፍ ባርኔጣ» እንላለን እንጂ ነገሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከበግ ሱፍ ይሠራል፤ ሌላው ከጥንቸል፣ ውድ ከሆነም ቢቨር ከሚባለው የውሃ ዳር እንስሳ የሥር ፀጉር። ሁለቱም አይሸመኑም፤ ፀጉሩ በሙቅ ውሃ፣ በእንፋሎትና በግፊት እርስ በርሱ ተቆላልፎ ነው አንድ አካል የሚሆነው። የበጉ ርካሽ ነው፣ ዝናብ ሲበዛበት ይልፈሰፈሳል። የጥንቸሉ ግን ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው፣ ቅርጹንም ይይዛል። ሽማግሌው ለመለየት ጣታቸውን ውሃ ነክረው ከክንፉ ሥር አንድ ጠብታ ያሳርፋሉ። ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከቆየ ፊታቸው ይፈካል፤ ባርኔጣው ወዲያው ከጠጣው ዝም ብለው በጣታቸው መዳሰስ ይቀጥላሉ፤ ያረጀ የጥንቸል ፀጉርም አንዳንዴ ይጠጣልና የመጨረሻው ፍርድ የእጃቸው ነው። በጅማ ዝናብ ውስጥ ለሚውል ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። እዚህ ዝናቡ ክረምትን አይጠብቅም፤ በመጋቢትና በሚያዝያም ከቡና ዛፍ ሥር ያስጠልላል።

የጥንቸሉን ዓይነት ያገራችን ሰው ሁሉ ቦርሳሊኖ ይለዋል፣ ከየትም ይምጣ። ቦርሳሊኖ በእርግጥ የአንድ ቤት ስም ነው፤ ጁዜፔ ቦርሳሊኖ እ.ኤ.አ. በ1857 በጣሊያኗ አሌሳንድሪያ ከተማ የከፈተው ፋብሪካ። ክንፈ ሰፊ ባርኔጣ ወደ እኛ የመጣው ግን በወረራው ዘመን ብቻ አይደለም። አፄ ምኒልክ በፎቶግራፎቻቸው ላይ ከነጭ ሻሽ በላይ ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው እናያቸዋለን። እኔ ባርኔጣ ሳደርግ «ጣሊያን መሰልክ» የሚሉኝን ይህን ፎቶግራፍ አሳያቸዋለሁ።

ሁለተኛው ባርኔጣዬ ግራጫ ነው፤ ያንን ሲያድሱ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። መጀመሪያ ጥብጣቡንና የውስጡን ቆዳ በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ፈቱ። ከቆዳው ጀርባ አራት ጊዜ የታጠፈ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቁራጭ ወጣ። ባርኔጣው የሰፋው ሰው እንዲጠብለት የወተፈው ነው። ቀኑ ተቀዷል፤ የራዲዮ ማስታወቂያ ግማሹ ይነበባል። ሽማግሌው ሊጥሉት ሲሉ ለመንኳቸው፤ አሁን መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ ደረቁን ባርኔጣ ቦረሹ፤ ደቃቅ የበቆሎ ዱቄት ነስንሰው፣ በእጃቸው አሽተው፣ ቅባቱን እንዲጠጣ አሳደሩት። በማግስቱ ዱቄቱ ሲራገፍ ግራጫው መልክ እውነተኛ ሆኖ ወጣ። እስከዚያ ድረስ አመድማ ቡናማ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የሚታይ ነው። ማንቆርቆሪያው ከሰሉ ላይ ይንተከተካል፤ ባርኔጣውን በእንፋሎቱ ላይ ያዞሩታል፤ ሲለሰልስ ፎርማው ላይ ይጭኑትና አናቱን በሁለት መዳፍ ወደ ታች ይጎትታሉ፤ አናቱና ክንፉ በሚገናኙበት ላይ በሲባጎ ጠምጥመው ያጠብቁታል። ክንፉን እርጥብ ጨርቅ አልብሰው በከሰል ካውያ ይተኩሱታል፣ አንድ ጊዜም ብረቱ ፀጉሩን አይነካም። ከዚያ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ፀሐይ አይሰጡትም፣ ምድጃው አጠገብም አያስቀምጡትም። በመጨረሻ አናቱ ላይ ያለውን ሸለቆና ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ጉድጓዶች የሚያወጡት በዓይን ነው። ራስህ ላይ ያደርጉታል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ፣ ፊትህን ያያሉ፣ በመዳፍ ጫን ያደርጉታል። በእኔ ፊት ላይ ሸለቆውን ጥልቅ አላደረጉትም። «ፊትህ ቀጭን ነው፤ ከፍ ይበል» አሉ። ከፍ አለ፣ አማረም።

የውስጡን ቆዳ ከበግ ሌጦ ቆርጠው በድሮው ቀዳዳ በኩል በእጅ ይሰፉታል። አዲስ ቀዳዳ አይበሱም። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ግን ያረጀ ባርኔጣ ጠርዙ ላይ ሁለተኛ ረድፍ ቀዳዳ ከተበሳ እንደ ቴምብር ተቀዶ ይለያያል።

አሁን ወደ ከፋኝ ነገር። ሦስተኛውን፣ ጥቁሩን፣ ስወስድላቸው ጥብጣቡ መስመር መስመር ያለው፣ የማያብረቀርቅ፣ ጫፉ ብቻ ትንሽ የተበላ ነበር። ስመለስ ባርኔጣው ላይ የሠርግ ስጦታ የሚታሰርበት ዓይነት የሚያብለጨልጭ ናይሎን ሪባን ተሰፍቶበታል፣ ቋጠሮውም በቀኝ በኩል ሆኗል። የወንድ ባርኔጣ ቋጠሮው በግራ ነው። የድሮውን ጥብጣብ ስጠይቅ ተጥሏል አሉኝ። በጣም አዘንኩ። ያረጀ ጥብጣብ የባርኔጣው ዕድሜ ምስክር ነው፤ አዲስ አይተካውም። ይህን በትሕትና ነገርኳቸው፤ ሰሙኝ፣ ቋጠሮውንም ያለ ክፍያ ወደ ግራ መለሱልኝ። የተጣለው ግን ተጥሏል። ስለዚህ ባርኔጣችሁን ስታስረክቡ «ጥብጣቡ አይነካ» ወይም «የፈታችሁትን ሁሉ በወረቀት ጠቅልላችሁ አቆዩልኝ» በሉ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ እላለሁ፣ እሳቸውም ያቆያሉ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ቀጠሮ ነው። «ሳምንት» ሲሉ ሁለት ሳምንት ብላችሁ አስቡ። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ጭራሽ አትሂዱ፤ ቤቱ በተማሪ ዩኒፎርም ይሞላል፣ አንዱ ባርኔጣዬ አምስት ሳምንት የቆየው በዚያ ወቅት ነው። ሐሙስም ገበያ ስለሆነ ለማነጋገር አይመችም። ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ጥሩ ነው።

ዋጋው በዚህ ዓመት ለእኔ እንዲህ ነበር፤ ማጽዳትና ቅርጽ ማውጣት 400 ብር፣ የውስጥ ቆዳ ከተቀየረ 350 ብር ተጨማሪ፣ ጥብጣብ ራስህ ካመጣህ 100 ብር። ሁለት ቀን እጅ የሚፈጅ ሥራ ነውና ውድ ነው አልልም። መጠንም ጠይቁ፤ ያሏቸው ፎርማዎች 55፣ 56፣ 58ና 60 ብቻ ናቸው። ራሳችሁን በሴንቲ ሜትር ለኩ፣ ከጆሮ አንድ ጣት ከፍ አድርጋችሁ።

አንድ ነገር እኔ ነግሬያቸው የተቀበሉኝ አለ። በጣም አሮጌ ባርኔጣዎች ሲሠሩ ፀጉሩ እንዲቆላለፍ በሜርኩሪ ይታከም ነበር፤ በዚህ የተነሳ የባርኔጣ ሠራተኞች እጅ መንቀጥቀጥና የአእምሮ ሕመም ይደርስባቸው ነበር። አሜሪካ ይህን አሠራር ያስቆመችው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ከዚያ ዘመን የቀረ ባርኔጣ በእንፋሎት ሲሞቅ በሩ ይከፈት፣ ልጁም ፊቱን ከእንፋሎቱ ያርቅ፣ እጅም ይታጠብ ብዬ ነገርኳቸው። ዛሬ ማንቆርቆሪያው ሲፈላ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ሰምተው ማድረጋቸው አክብሮቴን ጨምሮታል።

በየቀኑ ለምታደርጉት እኔን የጠቀመኝን ልጨምር። ባርኔጣን ከአናቱ ቆንጥጦ ማንሳት የፊቱን እጥፋት ይሰነጥቀዋል፤ ሰላምታ ስትሰጡም ክንፉን ያዙ። ስታስቀምጡት ገልብጣችሁ በአናቱ አስቀምጡት፣ በክንፉ ከተቀመጠ ክንፉ ይበላሻል። ዝናብ ከመታው የውስጡን ቆዳ ወደ ውጭ ገልብጣችሁ ከእሳት ርቃችሁ አድርቁት፤ እኔ አንድ ሐምሌ ምድጃ አጠገብ ሰቅዬ ሁለተኛ ባርኔጣ ላጣ ነበር። ቡሩሹን ከግራ ጀምራችሁ በፀጉሩ አቅጣጫ ዙሪያውን አዙሩት። ብል ደግሞ ትልቁ ጠላት ነው፤ በጅማ እርጥበት ሳጥን ውስጥ ዘግቶ መርሳት ባርኔጣን ለብል መስጠት ነው። የሚደረግ ባርኔጣ ብል አይበላውም፣ በየቀኑ አየርና ብሩሽ ያገኛልና። ዘጠኙንም በየተራ የማደርጋቸው አንዱ ምክንያቴ ይኸው ነው።

አምስተኛው ባርኔጣዬ አሁን እዚያው ነው፤ አረንጓዴ፣ ክንፈ ጠባብ፣ 57 ቁጥር። የ57 ፎርማ ስለሌላቸው በ58 ወጥረው ሊሠሩት ይችሉ ነበር፤ «ይሰፋብሃል፣ ኋላ ጋዜጣ ልትወትፍበት ነው» ብለው እንቢ አሉ። ለጠራቢው አዲስ ፎርማ አዘዙ፣ የእንጨቱን ዋጋ ግማሹን እኔ ከፈልኩ። ባለፈው ማክሰኞ ስሄድ ዋንዛው አናቱ ብቻ ተጠርቦ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ባርኔጣዬ ከጎኑ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ጥብጣቡ ለብቻው ታስሮ ተቀምጧል።