ቮልስ ወይስ አይዲ 4? አዳማ ላይ መኪና ለሚገዛ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ገበያው ሁለት ጫፍ ይዟል። አንዱ ከቻይና የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው፤ ሌላው አገር ውስጥ የከረመው አሮጌ መኪና። ሁለቱንም ጫፍ ከቮልስዋገን ቤት እንይ፤ ድሮ የምናውቀውን ቮልስና ኤሌክትሪኩን አይዲ 4ን።

የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። ባለ አንድ ሞተሩ አይዲ 4 እንደ ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚያሽከረክረውም የኋላ ጎማ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል።

ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። "የኔ መኪና ውሃ አያፈላም" ብሎ የሚኩራራ ባለቮልስ እውነቱን ነው። ግን ማራገቢያውንም ጄኔሬተሩንም የምታዞረው አንዲት ቺንጊያ ናት። ከተበጠሰች ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ያኔ "ጋራዥ እስክደርስ" የሚባል ነገር የለም፤ በአዳማ ሙቀት ሞተሩ ይቃጠላል። ትርፍ ቺንጊያና መፍቻ ከመኪናው አይጥፋ። ቫልቩም በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይስተካከላል። ደግነቱ የቆየ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል፤ አዳማ የጠፋ ዕቃም አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል።

አይዲ 4 ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ፣ ካርብሬተር አያውቅም። የኤሌክትሮኒክስ ችግር ሲገጥመው ግን ኮምፒውተር የያዘ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ስክሪኑም ብዙ ጊዜ ቻይንኛ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቻርጁ ነው። በተራ ሶኬት ባዶ ባትሪ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ይረዝማል። ግቢ ውስጥ ተከራይታችሁ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት አከራያችሁን አነጋግሩ። ይህን የዘነጋ ሰው በየወሩ መጨቃጨቁ አይቀርም።

አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። 1300 ቮልስ ጉልበቱ 40 ፈረስ ገደማ ነው፤ በፈጣን መንገዱ ዳገት ላይ ከባድ መኪና ተከትሎ በሦስተኛ ማርሽ ይንፏቀቃል። አይዲ 4 ዳገቱን ከቁብ አይቆጥረውም፤ ሲመለስም ቁልቁለቱ ባትሪውን ትንሽ ይሞላለታል። ትልቁ ባትሪ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል የሚለውን የወረቀት ቁጥር ግን እንዳለ አትመኑ፤ ፍጥነት ባትሪ ይበላል። ቢሆንም ደርሶ መልስ አያሳጣችሁም።

ቮልስ ኤርባግ የለውም፤ የነዳጅ ታንኩም ከፊት ነው። እኔ ልጆች ጭኜ ፈጣን መንገድ ላይ አልወጣበትም። ለቤተሰብ አንድ መኪና ብቻ ከሆነ የምትገዙት፣ ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ እስካላችሁ ድረስ አይዲ 4 ይሻላል። ቮልስ ከተማ ውስጥ ለሚነዳ፣ እጁን ዘይት መንካት ለማይሰለቸው ሰው ነው።

ስትገዙ ሁለቱንም ከወለላቸው ጀምሩ። ቮልስ ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ስር ነው። መቀመጫውን አንሡት፤ አሲድ ወለሉን በልቶት ሊሆን ይችላል። አዲስ ቀለም አያታልላችሁ፤ ከቀለሙ ስር ያለውን ስቱኮ ማግኔት ያጋልጠዋል፤ ስቱኮ ላይ አይጣበቅም። ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። አይዲ 4ን ደግሞ ጋራዥ ወስዳችሁ ከስሩ እንዲታይ ወደ ላይ አስነሡት። ባትሪው ወለሉ ስር ስለተዘረጋ ድንጋይ ወይም ፍጥነት መቀነሻ የመታው ቦታ መኖሩን እዩ። የባትሪውንም ጤና በኮምፒውተር አስለኩ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ቀብድ አትክፈሉ።