ለአሮጌ አይሱዙ የገዛኋቸው ሁለት የቴስታታ ጓርኒሲዮኖች

ከጅማ ቡና ጭኖ የጊቤን ዳገት ሲወጣ የጋለው አሮጌ አይሱዙዬ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ማሳየት ጀመረ፤ የዘይት መለኪያውን ስመዝ የወጣው ዘይትም ማኪያቶ ይመስል ነበር። የተበላሸው የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ ነበር፤ ይህም በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክዳን) እና በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) መካከል የሚገባ፣ ውኃና ዘይት እንዳይቀላቀሉ የሚያደርግ ማሸጊያ ነው። በከተማው ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ ውፍረቱን ማንም ሳይጠይቀኝ በርካሽ የገዛሁት ግራፋይት ለበስ ጓርኒሲዮን ከሁለት ወር በላይ አልቆየም። ጥፋቱን በሙሉ በዕቃው ላይ ማላከክ ግን አልችልም፤ ቴስታታው መጣመም አለመጣመሙ ሳይለካ እንዲታሰር ያስቸኮልኩት እኔው ነኝ።

ሁለተኛውን ከመግዛቴ በፊት ቴስታታው ፊቱ ልሙጥ እንዲሆን ተላጠ፣ መካኒኩም እያንዳንዱ ፒስተን ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚል በዲያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ ባለ ቀስት መለኪያ) ለካ፤ የጓርኒሲዮኑ ውፍረት የሚመረጠው በዚሁ ልክ ሲሆን፣ ከሚገባው በላይ ከሳሳ ፒስተኑ ቫልቭ ሊመታ፣ ከወፈረ ደግሞ ኮምፕሬሽኑ ቀንሶ ሞተሩ በጠዋት ብርድ ለመነሳት ሊያስቸግር ይችላል። የመረጥኩት ባለ ብዙ ንብብር የብረት ጓርኒሲዮን ውፍረቱን ጠርዙ ላይ ባሉ ትናንሽ ቁርጦች ያሳያል። ዋጋው ከመጀመሪያው በእጅጉ ይበልጣል፤ ደግሞም እንደ ግራፋይቱ ጭረትን ችሎ አያልፍም፣ የብሎኩ ፊት ልሙጥ ካልሆነ ውኃ ያሳልፋል። ቡሎኖቹንም አብሬ ቀየርኩ። አንድ ክረምት ሙሉ ጊቤን ተመላልሼ የራዲያተር ውኃ አልጨመርኩም።