ባዶ ቦርድ፣ ሞዲፋይድ ወይስ ፑር ሳይን? ኢንቨርተር ስትገዙ ከቮልቱ በፊት ሄርዙን አስለኩ

መብራት ሲሄድ ጎንደር ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ፀጉር ቤቱ ወንበሩን ባዶ ያደርጋል፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደንበኛ ይመልሳል፣ ማራኪ ግቢ ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የላፕቶፑን ባትሪ እያየ ይጨነቃል። ስለዚህ የባትሪን ኃይል እንደ ግድግዳ መብራት አድርጎ የሚቀይር ኢንቨርተር ፈላጊው ብዙ ነው። ገበያ ላይ የምታገኙት ሦስት ዓይነት ነው፤ ሽፋን የሌለው ባዶ ቦርድ፣ ሞዲፋይድ ሳይን የሚባለው ባለ ሳጥኑ፣ እና ፑር ሳይን (ሳይን የሚሉት ለስላሳውን የግድግዳ መብራት ሞገድ ነው)። ሁሉም «ከ12 ቮልት ወደ 220» ይላሉ። የሚያወጡት ግን ለየቅል ነው።

ከቦርዷ ልጀምር፤ ሰው የሚሸወደው እሷ ላይ ነው። መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። የአልሙኒየም ማቀዝቀዣ አላት፣ መሃሏ ላይ አንዲት ትንሽ ትራንስፎርመር አለች፣ በቃ። «150 ዋት» ይሏታል። አራዳ አካባቢ አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ከመኪና ባትሪ ጋር አያይዘን ሞከርናት። ባለ 60 ዋቱን የድሮ አምፖል ቦግ አደረገችው። ባለቤቱ ፊቱ በራ። ቀጥሎ በሽቦ የሚሠራውን የፀጉር መቁረጫ ሰካንባት። ዝም አለ። ምላጩ ንቅንቅ አላለም።

ምክንያቱ ሄርዙ ነው፤ ማለትም ከረንቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚነግረው ቁጥር። ከግድግዳ የምናገኘው መብራት 50 ሄርዝ ነው። እንዲህ ያሉ ብዙ ቦርዶች ግን በሺዎች የሚቆጠር፣ አንዳንዶቹ 20 ሺህ ሄርዝ አካባቢ ያወጣሉ። ትራንስፎርመሯ እንዲያ ያነሰችውም ለዚህ ነው። የአምፖሉ ክር መጋል ብቻ ስለሚፈልግ ግድ የለውም። የመቁረጫው ጥቅል ሽቦ ግን የተሠራው ለ50 ሄርዝ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ሲመጣበት በቂ ከረንት አያሳልፍም። ዲናሞ ወይም ከባድ የብረት ትራንስፎርመር ያለው አብዛኛው ዕቃ ዕጣው ይኸው ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ሊሠራ ይችላል። ሆኖም መግቢያው ላይ ያሉት ዳዮዶች (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) ለ50 ሄርዝ የተመረጡ ስለሆኑ ከልክ በላይ ይግላሉ። እኔ የራሴን አልሰካባትም።

ሻጩ ቴስተር አውጥቶ «ይኸው 220» ቢላችሁ አትቸኩሉ። ርካሽ ቴስተር የኤሲ ቮልትን በትክክል የሚለካው ብዙውን ጊዜ እስከ ጥቂት መቶ ሄርዝ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም። ሄርዝ የሚለካ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። 50 አካባቢ ካላሳየ፣ ወይም ቁጥሩ እየዘለለ ካስቸገረ፣ ያቺ ቦርድ ለቤት ዕቃ አትሆንም።

ሞዲፋይድ ሳይን 50 ሄርዝ ያወጣል። ሞገዱ ግን ለስላሳ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ነው። እዚህም ቴስተር ያሳስታል፤ ለዚያውም ደህናውን ዕቃ ደካማ ያስመስላል። ርካሹ ቴስተር አማካዩን ይለካና ዕቃው ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣ ይመስል ያሰላዋል። ጫፉ 311 ቮልት ሆኖ ግማሹን ጊዜ ዜሮ ላይ የሚቆይ ሞገድ እውነተኛ ልኩ 220 ነው፤ ርካሹ ቴስተር ግን 173 አካባቢ ብሎ ያነብበዋል። «ቮልቱ አነሰ» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት «ትሩ አርኤምኤስ» በሚል ቴስተር አስለኩት፤ ሞገዱ ምንም ቅርጽ ቢኖረው እውነተኛ ልኩን የሚያሳየው እሱ ነው።

ባዶውን መለካትም ብዙ አይነግራችሁም። ጭነት ስጡት። ለዚህ የድሮዎቹ ባለ 60 እና ባለ 100 ዋት አምፖሎች ግሩም ናቸው፤ ኤልኢዲ ግን የሚስበው ጥቂት ስለሆነ አይፈትነውም። አምፖል እየጨመራችሁ የባትሪውንም የውጤቱንም ቮልት አብራችሁ ተከታተሉ። 150 ዋት ለማውጣት ከ12 ቮልት ባትሪ 15 አምፔር ገደማ ይሳባል። ገመዱ ቀጭን ከሆነ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ኢንቨርተሩ ጋ የሚደርሰው ቮልት ይወርዳል፤ ሰውም ጥፋቱን በኢንቨርተሩ ያሳብባል።

ሞዲፋይዱ ለቲቪ፣ ለብዙ ቻርጀር፣ ለአምፖል ይበቃል። ያ የፀጉር መቁረጫም ይሠራበታል፤ ድምፁ ግን ይጨምራል። ማራገቢያ ጥዝ ይላል፣ ከወትሮው የበለጠም ይግላል። አጠገቡ ሬዲዮ ካለ ይንጫጫል።

ፑር ሳይን ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሞገዱ ከግድግዳው ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ዋጋውም ይከብዳል። ስሙን ብቻ ለጥፈው እንዳይሸጡላችሁ ርካሹንና ትሩ አርኤምኤሱን ቴስተር አንድ ላይ ሰክታችሁ አስተያዩ። ፑር ከሆነ ሁለቱም ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጣሉ። ከተራራቁ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። ለፍሪጅ ስትገዙ ደግሞ ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ እንደሚስብ አስቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሐሳብ ካላችሁ ተዉት፤ 3,500 ዋት የሚፈልግ ምጣድ ከ12 ቮልት ባትሪ ወደ 300 አምፔር ሊስብ ነው።

የኔ ምርጫ? ለፀጉር ቤትና ለቲቪ በጭነት የተፈተነ ሞዲፋይድ፤ ለፍሪጅና ለሕክምና መሣሪያ ፑር ሳይን። ባለ 12 ቮልት የዋይፋይ ራውተር ብቻ ከሆነ ያሳሰባችሁ ኢንቨርተር አያስፈልግም፤ ቮልቱን 12 ላይ በሚያረጋ ትንሽ ሬጉሌተር አድርጋችሁ ከባትሪው ቀጥታ ስጡት። ቦርዷን ለቤት አልመክርም። ብዙዎቹ ባትሪው ሲደክም የሚያቋርጥ መከላከያ የላቸውም፤ ባትሪውን አሟጠው ይገድሉታል። ሽፋን ስለሌላትም ልጅ ባለበት ቤት ጨርሶ አትሆንም፤ የምታወጣው ቮልት ሰው ይገድላል።

ሌላው፣ በሁለቱም ጫፍ ተሰኪ (ወንዴው) ያለው ገመድ ሠርታችሁ ኢንቨርተሩን ከግድግዳ ሶኬት ጋር እንዳታገናኙ። መብራት ሲመለስ ኢንቨርተሩ ይቃጠላል፤ መስመር ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛም ሊገድል ይችላል። ዕቃችሁን ከኢንቨርተሩ ሶኬት ላይ ብቻ ሰክታችሁ ተጠቀሙ።